ልክ የተባለው ደም

መቀመጥ አትወድም። ላቦራቶሪው ውስጥ ሦስት ወንበሮች አሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንዱንም በወጉ አሙቃው አታውቅም። ደም የምትቀዳው ቆማ፣ መዝገብ የምትሞላው ቆማ፣ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበትን ሻይዋን ከብስኩት ጋር የምትጠጣውም ቆማ፣ አንድ ዓይኗን ማሽን ላይ ጥላ ነው። ተቀመጪ እንጂ፣ ወንበሩ አይነክስሽም ሲሏት፣ የሰው ደም እየጠበቀኝ እንዴት ብዬ ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው መቼም በየቤቱ አይጠፋም፤ እንግድነት ሄዶ እንኳ የሰው ዕቃ ካላጠበ ምግብ የማይወርድለት።

የሥራ ባልደረቦቿ ሚዛን ይሏታል። ስሙ እንዲሁ አልወጣላትም። የላቦራቶሪ ማሽን በየጠዋቱ ይፈተናል። ፋብሪካው መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ በትንንሽ ብልቃጥ ይልካል፤ ኮንትሮል ይሉታል። ማሽኑ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ካላወጣ ማሽኑ ዋሽቷል ማለት ነው። ታዲያ ኮንትሮሉ ያልቃል፣ አዲሱ ይዘገያል፣ ሕመምተኛ ግን አይዘገይም። ይሄኔ የድሮዎቹ ባለሙያዎች አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ የገዛ ደማቸውን ቀድተው ማሽኑን ይፈትኑበታል። የራሳቸውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታላ። በዚህ እሷን የሚስተካከላት አልነበረም። ስኳሬ ሰማንያ ስምንት ነው፣ ደሜ አሥራ ሦስት ተኩል ነው፤ ከኔ ደም የተጣላ ማሽን የታመመው እሱ ነው ትል ነበር። ብዙ ጊዜም እውነቷን ሆኖ ይገኛል። ክፋቱ እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

በዚህ ዓለም ላይ የቀራት የሥጋ ዘመድ አንድ ታላቅ ወንድሟ ነው። አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይገጥማል። አባታቸው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ማለዳ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብላ ነው የሞተው። ወንድሟ ከሁለት ወር በኋላ ሃምሳ ሁለት ይሞላዋል። እሱ ስለዚህ ነገር አያነሳም፤ እሷ ግን ቀን ቆጥራ አትጠግብም። ስልክ ስትደውልለት ገና ሰላም ሳትለው የምትጠይቀው ምን እንደበላ ነው። ወንድምየው ጮማ ይወዳል፣ ነጭ ዳቦ ይወዳል፣ ሲጋራውንም እንደዚያው። ሚስቱና እህቱ ተባብረው ጎመንና ባቄላ ሲያበሉት፣ ምነው ልታርሱብኝ ነው እንዴ ይላቸዋል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አዲሱ ማሽን ነው። ክሊኒኩ ሲአርፒ የሚባለውን ምርመራ ሊጀምር ፈለገ። እሷ ለሕመምተኛ ስታስረዳ አፏ ይጥማል። ሰውነት አንድ ቦታ ሲቆጣ፣ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ሲነሳ፣ ጉበት አንድ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ እኛ የምንለካው እሱን ነው ትላለች። ሳንባ ሲታመም ወይም ቁስል ሲያመረቅዝ ቁጥሩ መቶ ቢገባም አይገርምም፤ ያ የሚነድ እሳት ነው፣ ራሱ ያስታውቃል። የሚያስፈራው ረመጡ ነው። ረመጥ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከአንድ በታች ከሆነ እሰየው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ጠንቀቅ ማለት ነው፤ ከሦስት አልፎ እዚያው ከሰነበተ ስለ ልብ ማሰብ ይገባል። ቁጥሩ ብቻውን በማንም ላይ አይፈርድም፣ ከደም ግፊቱ፣ ከቅባቱ፣ ከሲጋራው፣ ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው። ከዚያ ወደ ምግብ ትሻገራለች። አትክልት አብዙ፣ ምስርና ባቄላ ብሉ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ ሲገኝ ዓሣ፤ ስኳርና በዘይት የተጠበሰ ነገር ቀንሱ። ይህን ሁሉ ብላ ሕመምተኛውን ትሸኝና ከማዶ ካለው ሱቅ የተጠበሰ ድንችና ቋሊማ በዳቦ አስመጥታ በለስላሳ ታወራርዳለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኼ ነው እንግዲህ።

ማሽኑን ሊገጥም የመጣው ሰው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው እያለ፣ አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ ገጥሞት ሄደ። ገና ያኔ ነው ዓይኗ ያልወደደው። ኮንትሮሉ በሌላ ሳጥን ይመጣል ተባለ፤ ሳጥኑ የውኃ ሽታ ሆነ። ደጅ ላይ ሕመምተኛ ተሰልፏል፣ ሐኪሙ ወረቀት ይልካል፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ መቼ ነው የምትጀምሩት እያለ ይመላለሳል። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ የገዛ ደሟን ቀዳች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሥልጠና ላይ ሲአርፒዋ ተለክቶ አንድ ነጥብ ሁለት ወጥቶላት ነበር፤ እሱን ነው በቃሏ የያዘችው።

ማሽኑ ስድስት አለ። ደገመችው፤ አምስት ነጥብ ዘጠኝ። በማግሥቱ ደግማ ቀዳች፤ ስድስት ነጥብ አንድ። ራሷን መረመረች። ጉንፋን የለባት፣ ቁስል የለባት፣ ጥርሷን እንኳ አላመማትም። ሳቀች። ያ አውሮፕላን አባራሪ ምን አድርጎት እንደሄደ አየሽ አለች ለራሷ። ማሽኑ ውስጥ ማስተካከያ ቁጥር የሚባል አለ፤ የሚወጣውን ውጤት ሁሉ በዚያ ያባዛዋል። የራሷ ደም አንድ ነጥብ ሁለት እስኪል ድረስ ቁጥሩን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረገችው። ከዚያ እፎይ ብላ በሩን ከፈተች።

አሁን እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት፣ ቁጥር በአምስት እጥፍ የሚስት አዲስ ማሽን አለ ብላ አመነች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ተለውጬ ይሆን እንዴ ብላ ግን አልጠየቀችም። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እሷው ነበረች ጆሮውን ይዛ የምትጎትተው።

በማሽኑ የመጀመሪያ ሳምንት ወንድሟን በግድ ጎትታ አመጣችው። ደሙን ራሷ ቀዳች፣ ማሽኑ ውስጥ ራሷ ከተተች። አንድ ነጥብ አራት አለ። ሐኪሙም ከሌላው ምርመራ ጋር አይቶት፣ ሲጋራውን ተው፣ ለአሁኑ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም፣ በስድስት ወር ተመለስ አለው። እሷ ውጤቱን ፈርማ፣ ማኅተም አድርጋ ኮሪደር ላይ ሰጠችው። ደህና ነህ ጋሼ አለችው። ሰውዬው ግንባሯን ሳማት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ሚስቱ ያቀረበችለትን ጎመን በመዳፉ ገፋ አድርጎ፣ እህቴ ነፃ አውጥታኛለች፣ ሥጋውን አምጪው አለ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት የኮንትሮሉ ሳጥን መጣ። ብልቃጡ ላይ አራት ተብሎ ተጽፏል። ከተተችው። ዜሮ ነጥብ ስምንት። ሌላ ብልቃጥ ከፈተች፤ ያው ዜሮ ነጥብ ስምንት። የለወጠችውን ማስተካከያ ቁጥር እንደ ጥንቱ መለሰችና ብልቃጡን ደገመችው፤ ማሽኑ አራት አለ፣ ያለ አንዳች ማወላወል። ከዚያ የራሷን ደም ቀዳች፤ ስድስት። ማሽኑ ከመጀመሪያውም አልዋሸም ነበር። የወንድሟ አንድ ነጥብ አራት ማለት ሰባት ማለት ነው።

ለኃላፊው ሄዳ ነገረችው። ኃላፊው ደግ ሰው ነው፣ ግን የስም ነገር ያስፈራዋል። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ነው አይደል፣ ለቀጠሯቸው ሲመጡ እንደገና ለክተን እናስተካክላለን፣ አሁን ሕዝብ እያስደነገጥን ራሳችንን አናጋልጥ አላት። ለአንቺም ነው የማስበው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የገነባሽው ስም በአንድ ቀን ይፈርሳል አላት። እሺ አለች። እውነቱን ለመናገር በወጉ አልሰማችውም። ጆሮዋ ላይ የሚያቃጭለው የወንድሟ ስልክ ነበር፤ አራት ጊዜ ደውላ አላነሳም።

ጋዎኗን አውልቃ ወጣች። ጓንቷን ግን አላወለቀችም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲያያት ነው ያስተዋለችው። ሚስቱ ጋ ደወለች፤ አዲሱ ሕንፃ ላይ በር ሊገጥም ሄዷል አለቻት። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም ሹፌሩን ልትጮህበት ትደርሳለች። ሁለት ፌርማታ ሲቀር ወርዳ በእግሯ ሮጠች፤ አውቶቡሱ አልፏት ሄደ፤ እሱንም ተራገመች። ከአባቷ ጫማ ሌላ የሚታያት ነገር አልነበረም፤ አንዱ የታሰረ፣ ሌላው ክሩ የተንዠረገገ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለ፤ ይህን ተረት ለስንት ሕመምተኛ እንዳልተረተች፣ ዛሬ በየርምጃዋ ተከተላት።

ሕንፃው አሳንሰር አልገባለትም። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰው አናጢው አራተኛ ፎቅ ነው አላት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ያ ስድስት የራሷ መሆኑ የገባት። ፈራች። ግን ለራሷ ለመፍራት ጊዜ አልነበራትም፣ ወጣች።

ወንድሟ ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሃል ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሊያወጣው የነበረው በር ከጎኑ ግድግዳ ተደግፏል። አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ ደረቱን ይዟል። ሲያያት እጁን ፈጥኖ አወጣ፤ ልጅ ሆነው ስኳር ሲሰርቅ እንደሚያደርገው።

«ጋሼ፣ የሰጠሁህ ውጤት ስህተት ነው» አለችው። «አንድ ነጥብ አራት አይደለም፣ ሰባት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከሸሚዝ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የእንጨት ብናኝ ጠጥቷል፣ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል።

«ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል» አለ። «ሳምንት ሊሆነው ነው። ሲይዘኝ ቁጭ እልና ይህችን አውጥቼ አያለሁ። ፊርማሽን አያለሁ። ከዚያ ሲተወኝ እወጣለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ሰውዬው ሕመሙ ሲነግረው የኖረውን በእሷ ፊርማ ሲያስተባብል ነው የከረመው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የዚህን ሰው በሽታ የደበቀችው ግን እሷ ናት። የዕቃ ሳጥኑን ተሸከመች፣ ክንዱን ያዘች፣ በየፎቁ እያሳረፈች አወረደችው። ታክሲ ውስጥ ሙሉ መንገድ የእጁን ትርታ ትቆጥር ነበር፤ እሱ ደግሞ ያልተገጠመው በር ያሳስበው ነበር፣ ዝናብ ከመታው ይጣመማል እያለ።

ሆስፒታል ያገኟት የልብ ሐኪም ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ለጣጥፋ የልቡን ምት አነሳች፣ አየችው፣ ወዲያው አልጋ ይዘጋጅ አለች። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመውና በቤተሰቡ የልብ ሕመም እንዳለ ጠየቀችው። ነገራት። ታዲያ የአባትህን ነገር እያወቅህ ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልክ አለችው።

ወንድምየው ወደ እህቱ አላየም። «ስንፍና ነው ዶክተር» አለ።

እሷ አልጋው ራስጌ ቆማለች። ወንድሟ ጥፋቷን በራሱ ላይ ለብሶላታል፤ እሷም ለብሶላት እንዲቀር ተወችው። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ራሷን ጠልታ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት በእጁ ደም ሥር ገብተው ልቡን አዩት። ዋናው የልብ ደም ሥር ለመዘጋት ጭላንጭል ነበር የቀረው። ቀጭን የሽቦ ቱቦ አስገብተው ከፈቱት። ሐኪሟ ወጥታ ተረፈ አለች፤ ሌላ ሁለት ሳምንት በር ተሸክሞ ደረጃ ቢወጣ ግን እዚህ አናወራም ነበር አለች። የወንድሟ ሚስት እዚያው ኮሪደር ላይ በደስታ ስታለቅስ፣ እሷ ውኃ ልግዛ፣ ብርድ ልብስ ላምጣ፣ መድኃኒቱን ላውጣ እያለች ስትበር ዋለች። ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። ነገሩ ያበቃ መስሏታል። ወንድሜን በጊዜ ደረስኩለት፣ ያጠፋሁትን ካስኩ ብላ አስባለች። ሰው ሲጨንቀው ከራሱ ጋር ያለውን ሂሳብ እንዴት በቶሎ እንደሚዘጋ ተመልከቱ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ስትሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ትራሱን ታስተካክላለች፣ መልሳ ታስተካክላለች፣ መጋረጃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለምሳ የመጣለትን የምስር ሾርባ ጨው አለው የለውም ብላ ቀመሰች። ወንድሟ በዓይኑ ሲከተላት ቆይቶ እጇን ያዛት።

«እንደኔ ያለ ወረቀት የያዙት ስንት ናቸው?» አላት።

«ሠላሳ።»

«ነገርሻቸው?»

ኃላፊው ያላትን አንድ በአንድ ነገረችው፤ ለቀጠሯቸው ሲመጡ እንደሚለኩ፣ ሁሉም እንደሱ ያመዋል ማለት እንዳልሆነ፣ የብዙዎቹ ምንም ላይሆን እንደሚችል፣ ሕዝብ ማስደንገጥ ደግሞ ጥሩ እንዳልሆነ። ስትናገረው ልክ ይመስል ነበር። ድምፅዋ ግን እየሳሳ ሄደ።

«ቀጠሯቸው መቼ ነው?»

«ስድስት ወር ነው የተባሉት።»

ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰላት፤ እጇን ቀስ ብላ ልታስለቅቅ ስትል አጥብቆ ያዘው።

«የነሱስ እህት የት ነው የምትሠራው?» አላት።

ሾርባውን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች። ክሊኒኩ ስትደርስ ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ነበር፤ በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ፣ ልደውልላቸው ነው፣ ስሜን እየጠራሁ ነው የምደውለው፣ ላባርርሽ ካልክም ስጨርስ ንገረኝ አለችው። ሰውዬው ብድግ አለ፣ ምን ሊል እንደነበር ግን አልጠበቀችም። መዝገቡን ገለጠች። የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ማሽኑ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ያላቸው፣ እሷም ስታበስራቸው መርቀዋት የሄዱት። ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ። ማንነቷን ነገረቻቸው፤ ውጤቱ ስህተት እንደሆነና ስህተቱ የራሷ እንደሆነ፣ ትክክለኛው ወደ አራት ተኩል እንደሚጠጋ ነገረቻቸው።

ሴትየዋ ቁጥሩን አስደገሟት።

«ልጄ፣ ደህና ነዎት ያልሽኝ አንቺው ራስሽ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔው ነኝ፣ እማማ» አለች። «ነገ ጠዋት ይምጡ። የኔም ከፍ ብሏል፤ አብረን እንመረመራለን።»